አይሮፕላን፣ የወታደር ልብስና የጦርነት ዘመን ፎቶግራፍ
በሰሜን ሸዋ የተነሡ ምስሎች እንዴት ይመረመራሉ?

ፎቶግራፍ ከጽሑፍ ሰነድ ይልቅ የሚታመን መስሎ ይታያል። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ሊያጋንን ወይም ሊሸሽግ ይችላል፤ ካሜራ ግን ከፊቱ ያለውን እንጂ ሌላ አይቀዳም ይባላልና። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም ከምስሉ ሥር የሚጻፈው መግለጫ የሰው እጅ ሥራ እንጂ የካሜራው አይደለም። ስለ ፋሽስት ኢጣልያ ወረራ በመጻሕፍት፣ በኤግዚቢሽንና በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በሚታዩ ፎቶግራፎች ስሕተት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መግለጫ በኩል ነው። መዘዙም ቀላል አይደለም። ለጠላት ያደረ ጭፍራ አርበኛ ተብሎ ሲሰቀል፣ አርበኛውም ስሙ ጠፍቶ «ሽፍታ» በሚለው የጠላት ቃል ሲጠራ፣ ተማሪው የሚቀበለው ታሪክ የተገለበጠ ይሆናል።

ለዚህ ጽሑፍ ሰሜን ሸዋን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በደብረ ሲና፣ በጣርማ በር፣ በደብረ ብርሃንና በጫጫ ያልፋል። ማርሻል ባዶልዮ ከአንድ ሺህ በላይ ተሽከርካሪዎች ያሉትን ጓድ ይዞ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው በዚህ መንገድ ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ደግሞ መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋና አንኮበር ራስ አበበ አረጋይን የመሰሉ አርበኞች የተዋደቁበት ምድር ነበር። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች በኋላም የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ወደ ደሴ የዘመቱት በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ ገደልና አንድ ጠመዝማዛ መንገድ በሦስት የተለያዩ ዘመናት፣ በሦስት የተለያዩ ወገኖች ካሜራ ውስጥ ገብቷል። ሦስቱን መለየት የመርማሪው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ካሜራውን የያዘው ማን ነበር?» የሚለው ነው። የኢጣልያ መንግሥት የሉቼ ተቋም የተባለውን የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት በልዩ ክፍል አደራጅቶ ከጦሩ ጋር አሰማርቶት ነበር። ከዚህም ሌላ ብዙ መኮንንና ተራ ወታደር የግል ካሜራ በኪሱ ይዞ ዘምቷል። በኢትዮጵያ በኩል ግን በጦርነቱ ዋዜማ ከነበሩት የውጭ አገር ጋዜጠኞችና በአዲስ አበባ ከሚሠሩት፣ እንደ ቦያጅያን ቤተሰብ ካሉት ባለሙያዎች በቀር ፎቶግራፍ አንሺ እምብዛም አልነበረም። ጠላት ከተማዎቹን ከያዘ በኋላ በመንዝ በረሃ ፊልም ገዝቶና አጥቦ አርበኛን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ማን ነበር? እንግዲህ «በ1930 ዓ.ም. የመንዝ አርበኞች» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ሰዎቹ ተረጋግተው ተሰልፈው የሚታዩበት ጥርት ያለ ምስል ሲቀርብልን ሦስት ግምቶች ሊመጡልን ይገባል። አንደኛው ምስሉ በ1933 ዓ.ም. ከነጻነት በኋላ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሰዎቹ አርበኞች ሳይሆኑ ኢጣልያኖች ያስታጠቋቸው ባንዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው ደግሞ ጠላት «ገቡልን» እያለ ለዜና ማሰራጫ ያስነሣው የጠመንጃ ማስረከብ ሥነ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። በእውነት በበረሃ የተነሣ ምስል የለም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን የማስረዳቱ ሸክም በመግለጫው ጸሐፊ ላይ ነው።

ምስሉን ለመመርመር ከማይለወጠው ወደሚለወጠው መሄድ ይገባል ብለን እናምናለን። ተራራው አይለወጥም፤ ግንብና መንገድ በዓመታት ይለወጣሉ፤ መኪናና አይሮፕላን በወራት ይለዋወጣሉ፤ ልብስ ግን በአንድ ሌሊት ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ይሻገራል። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከልብሱ ነው።

የጣርማ በር ምሳሌነት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶልዮ ጓድ ወደ ጣርማ በር ሲደርስ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ቆርጠውት ስለ ነበር መኪኖቹ ቆመው ወታደሩ በአካፋና በዶማ መንገድ ሲጠግን ቆይቷል። ዛሬ መንገደኛ የሚያልፍበት ዋሻ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ኢጣልያኖች ያስቆፈሩት አገሩን ከያዙ በኋላ ነው። ስለዚህ የዋሻው አፍ በጥቂቱም ቢሆን የሚታይበት ፎቶግራፍ ሁሉ «የባዶልዮ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ» ሊባል አይችልም። በዚያ ምስል ውስጥ የሚታየው ወታደር የወረራው ዘመን ጠባቂ፣ ወይም በ1933 ዓ.ም. ወደ ሰሜን የሚሄድ የደቡብ አፍሪካ ሰው፣ ወይም ከዚያ በኋላ ያለፈ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ስለ ልብስ ምንም ዕውቀት አላስፈለገም።

በኢጣልያኖች ፖስታ ካርድ፣ ሐውልትና ግንብ ላይ የሚገኘው የሮማ ቁጥርም እንዲሁ ይረዳል። ፋሽስቶች ዘመናቸውን የቆጠሩት ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የእነርሱ ዓመት የሚለወጠው በጥቅምት አጋማሽ በመሆኑ ከእኛ የዘመን መለወጫ ጋር የሚራራቀው በአንድ ወር ከግማሽ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ስሌቱ ከአውሮፓዊው ይልቅ ይቀላል፤ በቁጥሩ ላይ 1914 መደመር ይበቃል። የሮማ ቁጥር 14 የተጻፈበት ምስል የ1928 ዓ.ም.፣ 17 የተጻፈበት የ1931 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ የተነሣ ከሆነ ግን አንድ ዓመት መጨመር ያስፈልጋል።

ወደ አይሮፕላኖቹ እንምጣ። በተለምዶ በምስሉ ላይ የሚታይ አይሮፕላን ሁሉ «የጠላት ቦምብ ጣይ» ይባላል። ኢትዮጵያ ግን ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ አይሮፕላኖች ነበሯት። የመጀመሪያዎቹ የፈረንሳይ ሥራ የሆነው ፖቴዝ 25ና የጀርመኑ ዩንከርስ ደብልዩ 33 ነበሩ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በወደቁበት በአንቺም ጦርነት አይሮፕላን ወረቀትና ቦምብ ጥሏል። ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. ሲጀመር ግን የአገሪቱ አይሮፕላኖች ከሃያ ያልበለጡ፣ አብዛኞቹም ለመልእክትና ለመንገደኛ እንጂ ለውጊያ የማይሆኑ ነበሩ። ሚሽካ ባቢቼፍ፣ አስፋው ዓሊና ከአሜሪካ መጥቶ የተሰለፈው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የሚታወቁት በእነዚህ ነው። የቀይ መስቀል ምልክት የተቀባባቸውም ነበሩ፤ በቆረም ቆሞ ሳለ ኢጣልያኖች በቦምብ ያቃጠሉት ፎከር ከእነርሱ አንዱ ነው።

የጠላት አይሮፕላን ለመለየት ሦስት ነገር መቁጠር ይበቃል፤ ክንፉ ስንት ድርብ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ስንት እንደ ሆነ፣ ክንፉም ከገላው በላይ ወይም በታች እንደ ተሰካ። ሦስት ሞተር ያለው፣ አንድ ረድፍ ክንፉ ከገላው በላይ የተሰካ፣ እግሩ የማይታጠፍ ከሆነ ካፕሮኒ 101 ወይም 133 ነው። የ133ቱ ሞተሮች በተስተካከለ ክብ ሽፋን የታቀፉ ናቸው። ያንኑ የመሰለ ሆኖ አንድ ሞተር ብቻ ካለው ካፕሮኒ 111 ይባላል። ሦስት ሞተር ኖሮት ክንፉ ከታች ከሆነና ጎማዎቹ ትልልቅ ጫማ የለበሱ ከመሰሉ ሳቮያ ማርኬቲ 81 ነው፤ ጎማውን ወደ ውስጥ የሚያጥፈው የዚያ ተከታይ 79 ነው። ድርብ ክንፍ ያላቸው ባለ አንድ ሞተር ሮ 1ና ሮ 37 ለቅኝትና ለድብደባ ይበሩ ነበር።

ችግሩ ያለው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ነው። ፖቴዝ 25ም ሮ 1ም ድርብ ክንፍ ያላቸው፣ የታችኛው ክንፋቸው ከላይኛው የሚያጥር ባለ አንድ ሞተር ናቸው፤ በደበዘዘ ምስል ላይ አንዱ የሌላውን መልክ ይይዛል። በዚህ ጊዜ ፍርዱ የጭራው ነው። የኢጣልያ አይሮፕላን በጭራው መሪ ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ በክንፉም ላይ የፋሽስቶች ምልክት የሆነው መጥረቢያ የታሰረበት የበትር ነዶ ይታይበታል። የጭራው ምልክት ዓመትንም ይናገራል። ኢጣልያ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገጠመች በኋላ ሦስቱ ቀለሞች ቀርተው በቦታቸው ነጭ መስቀል ተተክቷል። ስለዚህ ነጭ መስቀል በጭራው ያለበት ሳቮያ የ1928 ዓ.ም. ዘመቻ ምስል ተብሎ ሊቀርብ አይገባም።

አይሮፕላኑ የተሠራበት አገርና የሚበርለት አገር አንድ አለመሆናቸውንም ማስታወስ ይገባል። ሮ 1 ራሱ ከሆላንዱ ፎከር በፈቃድ የተቀዳ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካውያን ኢጣልያንን ሲወጉ ከበረሩባቸው መካከል የጀርመን ሥራ የሆነው ዩንከርስ 86 ይገኝበታል። ስሙን ብቻ ያየ ሰው ጀርመኖች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ተዋግተዋል ብሎ ቢጽፍ ስሕተቱ ከአይሮፕላኑ ሳይሆን ከአንባቢው ነው።

ቀለምን በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን ከነበሩት የጥቁርና ነጭ ፊልሞች አንዳንዶቹ ቀይ ብርሃን የማይሰማቸው ነበሩ። በእነዚህ ላይ ቀይ ጥቁር ሆኖ፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጣ ብሎ ይወጣል። ሌሎቹ ቀይንም ይለያሉ። የአስካሪው ቀይ ቆብ በአንዱ ምስል ጥቁር፣ በሌላው ግራጫ መስሎ ቢታይ ሁለት ዓይነት ወታደር ነው ማለት አይደለም። ጥቁር ቆብ የፋሽስት ሚሊሽያ ምልክት በመሆኑ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ታላቅ ስሕተት ያስከትላል።

የወታደሩን ልብስ ስንመረምር ከቆቡ ይልቅ ኮሌታውን ማየት ይሻላል። የኢጣልያ መደበኛ ሠራዊት አባል በኮሌታው ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ያደርጋል። ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ሚሊሽያ ግን በኮከቡ ፈንታ ትንሽ የበትር ነዶ ያደርጋል። ከራስ በላይ ደግሞ የተራራ ወታደሩ በአንድ ላባ፣ በርሳሊየሪው በጥቁር ላባ ዘለላ ይታወቃል። የሳቮያ ግሬናዴር ወታደሮች በቀይ መደብ ላይ ነጭ ሰረዝ ያለበት የኮሌታ ምልክት ነበራቸው። ይህን የመጨረሻውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከኤርትራ የተመለመሉት አስካሪዎች ረጅም ቆብና በወገባቸው የሚጠመጠም ባለ ቀለም መታጠቂያ ነበራቸው። የመታጠቂያው ቀለም የየሻለቃው ልዩ ምልክት ነው፤ በዓምባ አላጌ በ1888 ዓ.ም. በወደቀው በሻለቃ ቶዜሊ ስም የተጠራው አራተኛው ሻለቃ፣ ለምሳሌ፣ ጥቁር ይታጠቅ ነበር። ማዕርጋቸው በክንዳቸው ላይ ባሉ ማዕዘን መስመሮች ይታያል፤ ሙንታዝ፣ ቡሉክባሺ፣ ሹምባሺ የሚባሉት ናቸው። የሻለቃን ምልክት ማወቅ የሰብሳቢ ጨዋታ አይደለም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ጄኔራል ማሌቲ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ባስፈጀ ጊዜ ተኩሱን የፈጸመው 45ኛው የቅኝ ግዛት ሻለቃ ነበር። ቀጥሎም ወጣት ዲያቆናት ከደብረ ብርሃን አጠገብ በእንገጫ ተረሽነዋል። በዚያ ወር በዚያ አካባቢ የተነሣ ፎቶግራፍ ቢገኝ የወታደሮቹ መታጠቂያና ቁጥር የፍርድ ቤት ማስረጃ ያህል ክብደት ይኖረዋል።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው የልብስ ጉዳይ ይበልጥ ያስቸግራል። በቤልጅግ መኮንኖች የሠለጠነው የክብር ዘበኛ ካኪ ለብሶ፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ እግሩን ይሰለፍ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች እጅ የተከፈተው የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎችም የዘመናዊ ወታደር ልብስ ለባሾች ናቸው። የቀረው ክተት ሠራዊት ግን የመጣው በነጭ ሸማው፣ በጎፈሩና በለምዱ ነው። ነጭ ሸማ ከአየር ላይ ጎልቶ የሚታይ በመሆኑ ልብሱን አቅልሞ የዘመተ ብዙ ነበር። እንግዲህ በምስል ላይ ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ ጭፍራ ሁሉ ባንዳ፣ ነጭ የለበሰ ሁሉ አርበኛ ሊባል አይችልም።

በሰሜን ሸዋ ብርድ ላይ ደግሞ በርኖስ አለ። ከሱፍ የሚሠራው ጥቁር በርኖስ በትከሻው ላይ ቀጥ ብላ የምትወጣ ሹል ነገር አለችው፤ ይህችን ያየ የውጭ አገር ጸሐፊ የመኮንን ካፖርትና ማዕርግ ሊያደርጋት ይችላል። የመንዝና የአንኮበር ሰው ግን ባላገሩም መኳንንቱም የሚለብሰው መሆኑን ያውቃል። ሌላም ወጥመድ አለ። የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ምስሉ ተገልብጦ መታተሙን ለማወቅ የሰይፍን ጎን ያያሉ፤ አውሮፓዊ ሰይፉን በግራ ስለሚታጠቅ በቀኝ ከታየ ተገልብጧል ይላሉ። ኢትዮጵያዊ ተዋጊ ግን በጥንት ልማዱ ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኙ ነው። በዚህ ምክንያት ትክክለኛውን ምስል «አስተካክለው» የገለበጡ አሳታሚዎች ቢኖሩ አያስደንቅም። በምስሉ ውስጥ ጽሑፍ ካለ በእርሱ፣ ከሌለም በጠመንጃው የመቀርቀሪያ እጀታ ማረጋገጥ ይሻላል።

አርበኛውን ከባንዳ የሚለየው ምንድን ነው? በልብስ ብቻ የሚለየው የለም ብንል ከእውነት አንርቅም። አርበኛው የጠላትን ጠመንጃ፣ የጠላትን ካፖርት፣ የጠላትን ዝናር ማርኮ ይለብስ ነበር፤ ከባንዳነት ከድቶ ከነልብሱ ወደ አርበኞች የገባም ብዙ ነው። በሌላ በኩል መደበኛ ልብስ ያልተሰጠው ባንዳ ከባላገሩ የሚለየው በያዘው አዲስ ጠመንጃ ብቻ ነበር። ጠመንጃውም ቢሆን ውጅግራ፣ ወጨፎ፣ ምንሽር፣ ዲሞትፎር ሁሉ በሁለቱም ወገን ይገኛል። ነጻነት ሳይመለስ ጸጉራቸውን ላለመቆረጥ የማሉ አርበኞች ጎፈሬና ጢም ጥሩ ምልክት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህም ብቻውን አይበቃም። ቢያንስ በምስሉ ውስጥ የጠላት መኮንን አብሮ ቆሞ እንደ ሆነ፣ የታጠቁት ሰዎች እርሱን የሚያዩት እንደ አለቃ ወይም እንደ ምርኮኛ እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ካልታወቀም «የታጠቁ ሰዎች፣ ሰሜን ሸዋ» ብሎ መተው ክብር አይነካም። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጫጫ ላይ የጠላትን ጦር የመታው፣ ዛሬ በደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራው ኃይለ ማርያም ማሞ ከማን ጎን እንደ ቆመ ልጆች በትክክል ሊያዩ ይገባል።

ከላይ ስለ ሳቮያ ግሬናዴር የጀመርነውን እንጨርስ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዘረት በተባለው ስፍራ ባለ ታላቅ ዋሻ ውስጥ አርበኞች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ተጠልለው ሳሉ የጠላት ጦር ከበባቸው። የዚሁ ክፍለ ጦር የኬሚካል ቡድን በመድፍ የአርሲን ጋዝ ተኮሰባቸው፤ ይፔሪት የሞላ በርሜልም ወደ ዋሻው አፍ አውርዶ አፈነዳባቸው። ብዙዎቹ ከዚህ ሲያመልጡ ተይዘው ተረሽነዋል። ነገሩ በሰፊው የታወቀው ኢጣልያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የአገሩን ሰነድ መርምሮ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ ከሄደ በኋላ ነው። ስለ መርዝ ጋዝ ስናስተምር አይሮፕላን ብቻ ማሳየት የለመድን በመሆኑ ይህን ልብ ማለት ይገባል። በ1928 ዓ.ም. በሰሜኑ ግንባር መርዙ የወረደው በእርግጥ በአብዛኛው ከአይሮፕላን ነው። በዘረት ግን የመጣው በምድር፣ በሰው እጅ ነው። የነጭ ጢስ ደመና የሚታይበትን ማንኛውንም ምስል «የመርዝ ጋዝ ድብደባ» ማለትም አይገባም፤ ይፔሪት የሚረጭ ፈሳሽ እንጂ ነጭ ጢስ አይደለም። ኢጣልያ ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ በ1988 ዓ.ም. አምኗል፤ ሐቁ በተሳሳተ ፎቶግራፍ መደገፍ አያስፈልገውም።

ከጦርነቱ በፊትና በኋላ የተነሡትም ይቀላቀላሉ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በመሆኗ እንግዳ ያየቻት ቀደም ብሎ ነው። በ1833 ዓ.ም. ከካፒቴን ሃሪስ መልእክት ጋር የመጣው በርናትዝ ከተማዋን በቀለም ሥሏታል። በምኒልክ ዘመን ደግሞ በአጠገቧ በልት ማረፊያ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ነበረ፤ መሪው አንቲኖሪ የሞተው በዚያው ነው፤ ሐኪሙ ትራቬርሲም በዚያ ሠርቷል። ስለዚህ በአንኮበር ሜዳ ላይ የፀሐይ ቆብ ያደረገ ኢጣልያዊ ሁሉ የ1928 ዓ.ም. ወራሪ አይደለም፤ የዐድዋ ጦርነት ገና ያልታሰበበት ዘመን እንግዳ ሊሆን ይችላል። ከጦርነቱ በኋላ ላሉት መለያው ሜዳይ ነው። የአርበኝነት ሜዳይ የተሰጠው ከነጻነት በኋላ ስለ ሆነ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻ አንግቦ፣ ደረቱን በሜዳይ ሞልቶ የሚታይ አርበኛ በሚያዝያ 27 በዓል ላይ የተነሣ ነው እንጂ በውጊያ ላይ አይደለም።

በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመንዝ በየቤቱ ግድግዳና በየሣጥኑ ያሉት ፎቶግራፎች በባለሙያ የታዩት ጥቂቶቹ ናቸው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው እነዚህን ለመመዝገብ ቢነሡ ሥራው ከባድ አይደለም። ምስሉ ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ይቀዳ፤ ዳር ዳሩ አይቆረጥ፤ በብዕር አይጻፍበት። መግለጫው በሦስት ተከፍሎ ይጻፍ፤ በዓይን የሚታየው ለብቻው፣ የባለቤቱ ቤተሰብ የሚናገረው ለብቻው፣ መርማሪው የገመተው ከነምክንያቱ ለብቻው። ከፊቱ ጋር ጀርባውም ይቀዳ፤ የፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተም፣ የታተመበት ወረቀት ምልክትና በእርሳስ የተጫረ ስም የሚገኘው በጀርባው ነውና።